ያልተሰበረው በር

«አክስቴ፣ ዛሬ ጠዋት እንግዶች ይዤ ስመጣ በረንዳው ላይ እንዳትወጪ» አለች ሎሬዳና በስልክ። «ፀሐዩ ከባድ ነው። ውስጥ አረፍ በይ። የከሰዓቶቹ ሲመጡ ትወጫለሽ።»

ክሮቺፊሳ ስልኩን ዘግታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ሰማዩ ደመና ነበር። ከማዶ የጎረቤቷ የፒና የታጠበ ልብስ ገመዱ ላይ እንደ ረጠበ ተንጠልጥሏል። ልጅቷ የምትኖረው ላይኛው ከተማ ስለሆነ ምናልባት እዚያ ፀሐይ ወጥቶ ይሆናል ብላ አሰበችና፣ የምሳውን ባቄላ በሳህን ይዛ ከበረንዳው መዝጊያ ጀርባ ተቀመጠች። መዝጊያው አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ፣ በርብራቡ መካከል ነፋስም ወሬም የሚያስገባ የእንጨት መዝጊያ ነው። በኢብላ፣ በዚህች የታችኛው አሮጌ ከተማ፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ መንገዱን የሚሰማው በእንዲህ ዓይነት መዝጊያ ነው።

ሎሬዳና የወንድሟ የኑንዚዮ ልጅ ናት። እናቷ በጨቅላነቷ ስለሞተች ያሳደገቻት ክሮቺፊሳ ናት ማለት ይቻላል። ፀጉሯን የጎነጎነችላት፣ ትኩሳት ሲይዛት አጠገቧ ያደረችው፣ ለመጀመሪያ ቁርባኗ ልብስ የሰፋችላት እሷ ናት። ክሮቺፊሳ ራሷ አልወለደችም። አሁን ሎሬዳና አስጎብኚ ሆናለች። ከታች ከአትክልቱ ቦታ ተነስታ እንግዶቿን በደረጃው፣ በቅስቶቹ ሥር፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እየመራች ታዞራለች። በሰው አሥራ አምስት ዩሮ ታስከፍላለች፤ ክፉ አይደለም፤ በአንዱ ሰው ክፍያ ሁለት ኪሎ ጥሩ አይብ ባይገዛም አንድ ኪሎ ተኩል ይገዛል። ሁልጊዜም ከዚህ በረንዳ ሥር ትቆማለች። «አክስቴ፣ ብቅ በይና እጅሽን አውለብልቢላቸው፤ ደስ ይላቸዋል» ብላ የለመነቻት ራሷ ናት። ክሮቺፊሳም ጉትቻዋን አድርጋ ትወጣለች፣ ታውለበልባለች፣ እነሱም ፎቶ ያነሳሉ። የሚመጡት ሁሉ የሩቅ አገር ሰዎች ስለነበሩ ሎሬዳና የምትነግራቸው አይገባትም። «ምንድን ነው የምትያቸው?» ብላ ስትጠይቃት፣ «በረንዳውን ስለተሸከሙት የድንጋይ ፊቶች ነዋ! ማን እንደቀረጻቸው፣ ምላሳቸውን ለምን እንዳወጡ» ብላታለች። ክሮቺፊሳም እነዚያን አስቀያሚ ፊቶች ለማየት ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ሰው መኖሩ ሲገርማት ከርሟል።

የእግር ኮቴ መጣ። ከዚያ የሎሬዳና ድምፅ። ከዚያ ሳቅ። ክሮቺፊሳ የባቄላውን ልጣጭ እየገፈፈች ሳለ ጆሮዋ ቆመ፤ ድምፁ የሚናገረው በገዛ ቋንቋዋ ነበር። የዛሬዎቹ ከራሷ አገር ሰሜን፣ ከሚላኖ በላይ ካሉት ከተሞች የመጡ ጡረተኞች ናቸው።

«አሁን ቀና በሉ» አለች ሎሬዳና። «ይህ የፍቅር ሰገነት ይባላል። እዚህ የምትኖረው አክስቴ ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሳሮ የሚባል መልከ መልካም ጎረምሳ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። አባት ግን እንቢ አለ። በእኛ አገር ደግሞ አባት እንቢ ካለ መፍትሔው አንድ ነው፤ ተያይዞ መጥፋት!»

«ውይ፣ የእኔው እንኳን ይዞኝ ሊጠፋ ከወንበሩም አይነሳ!» አለች አንዲት ሴት።

«አንቺን የወሰደ በማግስቱ ይመልስሽ ነበር» አለ አንድ ወንድ፤ ባሏ መሆን አለበት፤ ሁሉም ሳቁ።

ሎሬዳና ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። አጠባበቋ ያምራል፤ መቼ ዝም እንደሚባል ታውቅበታለች። «አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ አገር ምድሩ በሙቀቱ ተኝቶ ሳለ፣ ሳሮ በመኪና መጣ። በሩ ግን ከውስጥ ተቀርቅሯል። ማን የከፈተለት ይመስላችኋል? የሙሽራዋ ታናሽ ወንድም! የእኔው አባት! የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኖ መቀርቀሪያውን ቀስ ብሎ ስቦ ፍቅርን አስገባ። ራሱ ነው የነገረኝ። ከዚያማ አክስቴ ነጭ ለብሳ፣ እዚያ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ ደወሉ እየተደወለ...»

«ጎበዝ ወንድም!» አለ አንዱ ሽማግሌ። ተጨበጨበ። ከዚያ ኮቴያቸው ወደ ላይ ርቆ ሄደ።

ክሮቺፊሳ አንዲት የባቄላ ፍሬ በጣቶቿ እንደያዘች ቀረች። ስለ ፍቅሩ የተባለው ውሸት ደረቷ ላይ ቆይቶ ነው የደረሰው። አስቀድሞ የደረሰው መቀርቀሪያው ነው።

ሳሮን ከዚያ ቀን በፊት ያነጋገረችው አንዴ ብቻ ነበር፤ ያውም «አልፈልግህም፤ መንገዴን ልቀቅ» ለማለት። ያን ቀን አባትና እናቷ ለቅሶ ሄደው ቤት የቀረችው ከኑንዚዮ ጋር ነበር። አባቷ ሲወጣ «ቀርቅሪው» አላት፤ ቀረቀረችው። ሳሮ ከሁለት የአጎቱ ልጆች ጋር መጥቶ ወሰዳት፤ ገጠር አንድ ጎተራ ውስጥ አስቀመጧት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተገኝታ ስትመለስ፣ ፖሊሶች ከአባቷ ጋር መጥተው በሩን ሲያዩ በሩ ደህና ነው። አልተሰበረም፤ ጭረት እንኳ የለበትም። «ታዲያ ማን ከፈተ?» አለ የፖሊሶቹ አለቃ። አባቷ መቀርቀሪያውን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ሌላ ጥያቄ አልተጠየቀም። ያኔ በነበረው ሕግ ጠላፊው ካገባት ክስ የለም፤ ካላገባት ደግሞ እሷን ሌላ የሚያገባ ሰው የለም። በእኛ ሰፈር ተወስዳ የመጣች ልጅ ነጭ አትለብስም፤ በትልቁ መሠዊያ ፊትም አትቆምም። የመጀመሪያው ደወል ሳይደወል፣ ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ በሚለብሱበት ጓዳ፣ የእናቷን ግራጫ ካፖርት ደርባ አገባችው። ደወል የሚባል ነገር አልሰማችም። አባቷ ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖሯል፤ በስሟ ግን ጠርቷት አያውቅም። «እሷ» ነበር የሚላት። «ለእሷ ወጥ ጨምሩላት።»

ከዓመታት በኋላ እሷም ራሷን መጠራጠር ጀመረች። የብረቱ ቅዝቃዜ መዳፏ ላይ ትዝ ይላታል። ግን ትዝታ ምን ይታመናል? ምናልባት እስከ መጨረሻው አልገፋሁት ይሆናል ትላለች። በየፋሲካው ለካህኑ ስትናዘዝ ከሌላው ሁሉ አስቀድማ የምትናገረው ያችን ነበር፤ «በሩን በደንብ ሳልቀረቅር ቤተሰቤን አዋረድኩ»። ካህናት ተለዋወጡ፤ እሷ ኃጢአቷን አልለወጠችም። ሳሮ አልደበደባትም፤ ቅጥራን በሚወጣበት የማዕድን ጉድጓድ ሲሠራ ውሎ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ሰው የጥርስ ሕመምም ይለምዳል። ሳሮ ሲሞት ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ ያን በር እንደገና በእጇ መቀርቀር ጀመረች።

ይህን ሁሉ ሎሬዳና ታውቃለች። ከዓመታት በፊት እጮኛዋ በጥፊ መትቷት ልትመለስለት ስታመነታ፣ ክሮቺፊሳ እዚሁ ወጥ ቤት አስቀምጣ ነገረቻት፤ ከእሷ በቀር ለማንም አልነገረችም። ልጅቷ አለቀሰች፣ እጇን ሳመች፣ «ከዚህ ቤት አይወጣም» አለች። እጮኛዋንም ተወችው። ክሮቺፊሳ ያን ቀን፣ ይህ ነገር ቢያንስ ለአንድ ሰው ጠቀመ ብላ ተጽናንታ ነበር።

ዳቦ ለመግዛት ወጣች። ዳቦ ጋጋሪው ትኩሱን እየጠቀለለ ዋጋው ከሰኞ ጀምሮ እንደሚጨምር ይቅርታ ጠየቀ፤ ዱቄቱ ነው፣ ጋዙ ነው፣ አለ። እሺ አለችው። ስትመለስ ፒና ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። ፒና ከማዶ ቤት ተወልዳ ከማዶ ቤት ያረጀች ናት።

«ዛሬ ምነው ሳትወጪ? ሰዎቹ አንገታቸው እስኪቀጭ ቀና ብለው ነበር።»

«ጤና አልነበረኝም።»

«አይ፣ ቀረብሽ! ያቺ ልጅሽ አፏ ማር ነው። ነጭ ለብሳ ስትል እኔ እንኳ እንባዬ መጣ።»

«ፒና» አለች ክሮቺፊሳ። «አንቺ እኮ ያን ቀን እዚሁ ነበርሽ።»

ፒና የወንበሯን መደገፊያ ጨርቅ አስተካከለች። «ነበርኩ» አለች። «እና አሁን እንዲህ ቢባል ማንን ይጎዳል? ከዚያኛው ይሄኛው አያምርም?»

ክሮቺፊሳ ዳቦውን ታቅፋ ወደ ቤቷ ገባች።

ኑንዚዮ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ የሚበላው ከእህቱ ጋር ነው፤ ዛሬም ቅዳሜ ነው። በአውቶቡስ ይመጣል፣ በክር የታሰረች የኬክ ካርቶን ይዞ፣ ጫማውን ደጃፉ ላይ ሁለቴ ረግጦ። ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ዛሬም አንገቱ የሽቶ ሽታ አለው። የአባቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ የብስክሌት ውድድር ያሳያል። ክፍሉ ዝቅተኛ ነው፤ ግድግዳው እርጥበት ስቦ ጥጉ ላይ ቀለሙ አብጧል፤ ባለፈው ወር ቀለም ቀቢው ለዚያች ጥግ ብቻ መቶ ሃያ ዩሮ ብሏታል። ኑንዚዮ ስለ ጥጓ አወራ፣ ቀለም ቀቢው ሌባ እንደሆነ አወራ፣ የባቄላውን ወጥ ዘይት አፍስሶበት በላ፣ «እጅሽ ይባረክ» አለ። እሷ አልበላችም። ወንድሟን ታየው ነበር። ሹካ አያያዙ የአባታቸው ነው፤ ዓይኑን ከሰው መመለሱም።

«ኑንዚዮ፣ መቀርቀሪያውን እኔ ቀርቅሬው ነበር?»

«የትኛውን?»

«ታውቀዋለህ።»

ብስክሌተኞቹ አንድ ዳገት ጨረሱ። ኑንዚዮ ዳቦውን ቆረሰ፣ አልበላውም። «ልጅቷ ነገረችሽ?»

«ለእኔ አይደለም የነገረችው። ለሕዝብ ነው።»

«ሳሮ ተስማምታለች አለኝ» አለ ኑንዚዮ። «በማርያም እልሻለሁ፣ እንደዚያ ነው ያለኝ። ያኔ ድሃ ሁሉ እንዲያ አልነበር የሚጋባው? ለሠርግ የሚወጣውን ለማዳን ሁለቱ ይጠፋሉ፣ ሁለት ቀን ይሰነብታሉ፣ ወላጅ ለይስሙላ ይቆጣል፣ ያበቃል። አባባስ እማማን እንዲያ አይደል ያገባት? እንደ እነሱ መሰለኝ። የምትስቂ መሰለኝ።»

«እሺ። መቀርቀሪያውን ስትስብ እንደዚያ መሰለህ። ስጮህስ?»

ኑንዚዮ የዳቦውን ፍርፋሪ በጣቱ ሰበሰበ።

«ስጮህ ሰምተሃል ወይ ነው የምልህ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከደረጃው ሥር ገባሁ። ጆሮዬን ያዝኩ።» ሹካውን ከሳህኑ ጎን አስቀመጠና ቀጥ አደረገው፤ ከዚያ እንደገና ቀጥ አደረገው።

ክሮቺፊሳ ያን በጋ አስታወሰች። ኑንዚዮ የሳሮን ሞተር ብስክሌት እየነዳ እስከ ባሕሩ ዳር ይመላለስ ነበር፤ ፀጉሩን ነፋስ እያበረረው በእሷ መስኮት ሥር ጥሩምባ ይነፋላት ነበር። ሳሮ ቢያንስ ለወንድሜ ደግ ነው ብላ ነበር ያኔ። ይህን አልነገረችውም። «አባባ እኔን ሲያየኝ አጠገቡ ቆመህ ነበር» ብቻ አለችው።

«ይገድለኝ ነበር፣ እህቴ።»

«እኔንስ ምን አደረገኝ?»

«ልጅ ነበርኩ።»

«እኔም ልጅ ነበርኩ።»

ከቧንቧው ውሃ ይንጠባጠባል። ኑንዚዮ መሐረቡን አወጣ፣ አፍንጫውን ጠረገ፣ መሐረቡን እያጠፈ ለልጁ ባለፈው ልደቷ ቀን ወይን ጠጅ ገፋ አድርጎት እንደነገራት፣ አሳምሮም እንደነገራት፣ እሷም በጣም ደስ እንዳላት ተናገረ። እውነተኛውን ስለማታውቅ ነው እንጂ ክፋት የላትም አለ።

«ታውቃለች» አለች ክሮቺፊሳ። «ከእኔ አፍ ሰምታለች። ካንተ በፊት።»

ኑንዚዮ ዓይኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳ። «እና አሁን ምን ይደረግ?» አለ በመጨረሻ። «ሳሮ ሞቷል። አባባ ሞቷል። የሚሰማሽ ማን አለ?»

ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ። የኬኩ ካርቶን እንደታሰረ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ክሮቺፊሳ ሳህኖቹን አጠበች፣ አደረቀች፣ ቦታቸው መለሰች። የአባቷን ወንበር ጎትታ ከጠረጴዛው አራቀችው። እንደ ሌላው ቀን ጋደም አላለችም። ከሰዓት በኋላ ከታች በኩል የሰው ድምፅ መሰማት ሲጀምር በረንዳውን ትታ በደረጃው ወረደችና የመንገዱን በር ከፍታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

ሎሬዳና እንግዶቿን ይዛ ከቅስቱ ሥር ብቅ አለች። እነዚህ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ናቸው። እንደ ልማዷ ወደ በረንዳው ቀና አለች፤ ሰው የለም። ከዚያ አክስቷን ታች አየቻት።

«አክስቴ! ምነው ወረድሽ? ከላይ ነው እኮ የሚያምረው።»

«ዛሬ እኔ ልንገራቸው» አለች ክሮቺፊሳ። «አንቺ ተርጉሚ።»

ሎሬዳና ሳቀች፤ የአክስቷን ፊት ስታይ ግን ሳቁ ቆመ። ቀረብ ብላ በሹክሹክታ፣ «ጠዋት ሰምተሻል ማለት ነው። እባክሽ፣ ሰው ፊት ነው። ነገ እመጣለሁ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» አለቻት።

«ነገ አንቺና እኔ ብቻ ነን። እኔ የፈለግኩት እነሱን ነው።»

አንዲት ነጭ ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ ሎሬዳናን አንድ ነገር ጠየቀች። ሎሬዳና እጇን ወደ አክስቷ ዘረጋች፤ ባለታሪኳ ይቺ ናት ያለች መሆን አለበት፤ ሁሉም «ኦ!» ብለው አጨበጨቡ። ስልኮች ተነሱ። ክሮቺፊሳ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች። ትንፋሽዋ እያጠራት፣ አጭር አጭር እያደረገች፣ በየመሃሉ ለተርጓሚዋ እያቆመች ተናገረች።

«በሩን እኔ አልከፈትኩም። ቀርቅሬው ነበር።»

ሎሬዳና ተረጎመች።

«ሳሮን አልወደድኩትም። ሦስት ሆነው ነው የመጡት።»

ሎሬዳና ተረጎመች፤ ከተባለው ረዘም አድርጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋን አለስልሳ።

«ስጮህ ይህ መንገድ በሙሉ ሰምቷል። አንድ መስኮት እንኳ አልተከፈተም።»

ሎሬዳና ተረጎመች። ባለ ነጭ ባርኔጣዋ ሴትዮ ፈገግ ብላ ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያ ጣቶቿን ስማ ወደ ክሮቺፊሳ ላከችላት። አንድ ቁመተ ረጅም ሰው ሚስቱን በወገቧ ሳብ አድርጎ ጉንጯን ሳማት። ከኋላ ያሉት እንደገና አጨበጨቡ።

ክሮቺፊሳ ቋንቋቸውን አታውቅም። ፊት ግን ታውቃለች። ሐዘን የተነገረው ሰው ፊት እንዲህ አይደለም። ወደ ሎሬዳና ዞረች፤ ሎሬዳና የምታየው የመንገዱን ድንጋይ ነበር።

«እንጀራዬ ነው፣ አክስቴ» አለች ቀና ሳትል።

ክሮቺፊሳ የፀጉሯን መያዣ ነቀለች። ሽበቷ ትከሻዋ ላይ ወረደ። ግራ እጇን ወደ ማጅራቷ ሰዳ ፀጉሯን በጭብጥ ያዘችና አገጯ ወደ ሰማይ እስኪቀና ድረስ ወደ ኋላ ሳበችው። በቀኝ መዳፏ አፏን አፈነች። እንደዚያ ሆና፣ ጉልበቷ ታጥፎ፣ ተረከዟ ደጃፉን እየፋቀ፣ ከደረጃው ወደ መንገዱ ራሷን እየጎተተች ወረደች። አንድ ጫማዋ ወልቆ ደረጃው ላይ ቀረ። ያን ቀን የሳሮ መኪና ቆሞ የነበረበት ቦታ ስትደርስ ቆመች፤ እጇን ግን ከፀጉሯም ከአፏም አላነሳችም። ከመዳፏ ሥር የሚወጣው ድምፅ ቃል አልነበረውም።

የሚያጨበጭቡት እጆች አየር ላይ ቀሩ። ረጅሙ ሰው ሚስቱን ለቀቃት። ባለ ነጭ ባርኔጣዋ ሴትዮ ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ቀስ በቀስ ወረደ፤ የገዛ ጉሮሮዋን በእጇ ያዘች። ከዚያ ወደ ሎሬዳና ዞራ አንድ አጭር ነገር ጠየቀች። ሴትዮዋ ያንኑ ጥያቄ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው።

«አክስቴ» አለች ሎሬዳና። ድምፅዋ ትኩሳት ይይዛት እንደነበረው ጊዜ ቀጠነ። «ምን ልበላቸው?»

ክሮቺፊሳ ፀጉሯን ለቀቀች። ወልቆ የቀረ ጫማዋን አንስታ እግሯን አገባችበት።

«ምንም አትበያቸው» አለች። «ገብቷቸዋል።»